የሚገድለው መዘግየቱ ነው፦ ስለ ፅንስ ማቋረጥ ሕግ ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንዲት ወዳጄ የላከችልኝን ጽሑፍ አነበብኩ። የፅንስ ማቋረጥ ሕግ ይበልጥ መጥበቅ አለበት ብሎ የሚሞግት ነው። ጸሐፊው ሕጉ ሲጠብቅ ፅንስ ማቋረጥ ይቀንሳል ይላሉ። የእናቶች ሞት የሚቀንሰው በጥሩ ሆስፒታል ስለሆነ ሕጉን ከዚህ ጋር ምን አገናኘው ይላሉ። ጥብቅ ሕግም ቢሆን የእናትየው ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ይፈቅዳል፣ ስለዚህ በሕጉ ምክንያት የምትሞት ሴት የለችም ይላሉ። የሞት ቁጥሮቹ የተጋነኑ ናቸው፣ ፅንስ ማቋረጥ ራሱ ለሴቷ ጤና ጠንቅ ነው፣ የሕዝብ ገንዘብም ለዚህ ሊውል አይገባም ይላሉ። በመጨረሻም የወሊድ መከላከያ እያለ ይህ ሁሉ ክርክር ለምን አስፈለገ ብለው ይጠይቃሉ።

ጽሑፉ ስድብ የለበትም። ጸሐፊው ለፅንሱ ሕይወት ከልባቸው እንደሚጨነቁ ያስታውቃል። እኔም በአክብሮት ልመልስ። ፅንስ ከመቼ ጀምሮ ሰው ነው የሚለው የእምነትና የህሊና ጥያቄ ነው፤ እዚህ እፈታዋለሁ አልልም። የምከራከረው እሳቸው ራሳቸው በመረጡት ሜዳ፣ በሕዝብ ጤና ላይ ነው። አዋላጅ ነርስ ነኝ። በማህፀን ዎርድ ረጅም ጊዜ ሠርቻለሁ። እዚያ ያየሁትና ጽሑፉ የሚለው ሊገጥሙልኝ አልቻሉም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ፣ ሕግ ሲጠብቅ ቁጥሩ ይቀንሳል ወደሚለው። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 73 ሚሊዮን ገደማ ፅንሶች እንደሚቋረጡ ይገምታል። ከ2010 እስከ 2014 ባለው ጊዜ፣ ፈጽሞ በሚከለክሉ ወይም ሕይወት ለማዳን ብቻ በሚፈቅዱ አገሮች ከ1,000 ሴቶች 37 ያህሉ በዓመት ፅንስ ያቋርጡ እንደነበር ተገምቷል። በሰፊው በሚፈቅዱት አገሮች ደግሞ 34። ልዩነቱ ይህን ያህል ነው። ትልቁ ልዩነት ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሕጉ ላላ ባለባቸው አገሮች ከአስር ዘጠኝ የሚጠጋው ደህንነቱ በተጠበቀ መንገድ ይከናወናል። በጥብቆቹ አገሮች ግን ከአራት አንዱ ብቻ። ሴትየዋ በሁለቱም ቦታ ውሳኔዋን ወስናለች። ሕጉ የወሰነው በማን እጅ እንደምትወድቅ ነው።

ሮማኒያን እንይ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ አላውቅም። በ1966 የአገሪቱ መሪ የቻውሼስኩ መንግሥት አዋጅ 770 የተባለውን ሕግ አወጣ። ከዚያ በፊት ፅንስ ማቋረጥ እንደ ልብ የሚገኝ አገልግሎት ነበር። በአዋጁ ግን ዕድሜያቸው ከ45 ላለፈ፣ አራትና ከዚያ በላይ ልጆች ለወለዱ፣ እንዲሁም ለጥቂት ሌሎች ምክንያቶች ካልሆነ በቀር ተከለከለ። የወሊድ መከላከያ ማግኘትም ፈተና ሆነ። መጀመሪያ ላይ መንግሥት ያሰበው የሠመረ መሰለ። በ1966 የተወለዱት ሕጻናት 274 ሺህ ገደማ ነበሩ። በ1967 ወደ 528 ሺህ ዘለሉ። ጸሐፊው ታሪኩን እዚህ ላይ ቢዘጉት ልክ ናቸው ያሰኝ ነበር።

ታሪኩ ግን ቀጠለ። ሴቶቹ መላ ፈለጉ። በጓዳ የሚሠራ ሰው አገኙ። ያላገኙት በራሳቸው ላይ ሞከሩት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚወለዱት ሕጻናት ቁጥር ተመልሶ ማሽቆልቆል ጀመረ። መንግሥት ቁጥጥሩን ይበልጥ አከረረው። በ1980ዎቹ ሴቶች በየሥራ ቦታቸው በግዴታ የማህፀን ምርመራ እስከ ማድረግ ደረሱ። እሱም አላዋጣም። የጨመረው ሞት ነው። በ1989 በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕጻናት አንጻር ወደ 170 የሚጠጉ ሮማኒያውያን እናቶች ይሞቱ ነበር። ከጎረቤት አገሮች ጋር ሲነጻጸር እጥፍ ድርብ ነው። ከነዚህ ውስጥ ከአስሩ ከስምንት በላይ የሚሆኑት የሞቱት ፅንስ በማቋረጥ በመጣ ጉዳት ነው። አዋጁ በሥራ ላይ በቆየባቸው 23 ዓመታት ወደ 10,000 የሚጠጉ ሴቶች በዚህ መንገድ እንዳለቁ ይገመታል።

በታኅሣሥ 1989 ያ መንግሥት ወደቀ። አዲሶቹ ባለሥልጣናት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሻሯቸው ሕጎች አንዱ ይኸው አዋጅ ነበር። በ1990 የእናቶች ሞት ወደ 83 ወረደ። በአንድ ዓመት በግማሽ! ሆስፒታሎቹ ያው ነበሩ። ሐኪሞቹም ያው ነበሩ። አገሪቱም ገና ከብጥብጥ መውጣቷ ነበር። የተለወጠው ሕጉ ነው። ሕጉ ከእናቶች ሞት ጋር ምን አገናኘው ለሚለው የጸሐፊው ጥያቄ እኔ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ጸሐፊው ግን ለዚህ ሁለተኛ ነጥባቸው የራሳቸውን ምሳሌዎች አምጥተዋል። አየርላንድ፣ ፖላንድና ቺሊ። ሦስቱም ጥብቅ ሕግ ነበራቸው ወይም አላቸው፣ ሦስቱም ዝቅተኛ የእናቶች ሞት አላቸው ይላሉ። እውነት ነው። ግን የአየርላንድ ሴቶች የት ነበር የሚሄዱት? ባሕር ተሻግረው እንግሊዝ። ከ1980 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት ከ170 ሺህ በላይ ሴቶች የአየርላንድ አድራሻ ሰጥተው በሌላ አገር ክሊኒክ ፅንስ አቋርጠዋል። የፖላንድ ሴቶችም ድንበር ይሻገራሉ፣ ወይም ክኒን በፖስታ ያስመጣሉ። አየርላንድን ያዳናት የራሷ ሕግ አልነበረም። የጎረቤቷ ሕግ ነው። ለአውሮፕላን ትኬት የሚሆን ገንዘብ፣ ፓስፖርትና ከሥራ ፈቃድ ያላት ሴት ዳነች። የሌላትስ?

የቺሊው ደግሞ በደንብ ሊነበብ የሚገባው ነው። ቺሊ በ1989 ፅንስ ማቋረጥን ሙሉ በሙሉ ከለከለች፣ የእናቶች ሞትም መቀነሱን ቀጠለ። ጸሐፊው ይህን ይዘው ክልከላው አልጎዳም ይላሉ። ነገር ግን የቺሊ የእናቶች ሞት መቀነስ የጀመረው ከክልከላው ከሃያ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ የቺሊ መንግሥት ለሴቶች ሉፕና ሌሎች መከላከያዎችን በነጻ ማደል ጀመረ። ለምን? ሆስፒታሎቿ በጓዳ ፅንስ አቋርጠው በሚደሙ ሴቶች ተጨናንቀው ስለነበር ነው። የቺሊ ሐኪሞች ያኔ ያዩትን ነው እኔም ዛሬ የምጽፈው። በኋላ ደግሞ ሚሶፕሮስቶል የተባለው ክኒን መጣ። ለጨጓራ ቁስለት የተሠራ መድኃኒት ነው። በ1980ዎቹ የብራዚል ሴቶች ማህፀን እንደሚያኮማትር ደረሱበትና ወሬው በአህጉሩ ተዳረሰ። ክልከላው ባለበት እንኳ ሴቶቹ ከሽቦና ከሹል ነገር ወደ ክኒን ዞሩ፣ ሞትም ቀነሰ። ሕጉ ሳይሆን ሕጉን ያለፉበት መንገድ ነው ያዳናቸው። ቺሊ ራሷም በ2017 በሦስት ምክንያቶች መፍቀድ ጀምራለች።

የደቡብ አፍሪካም ታሪክ ከሮማኒያ ጋር ይመሳሰላል። አዲሱ ሕግ በ1996 ወጣ፣ በ1997 መጀመሪያ ሥራ ላይ ዋለ። በ1994 ከነበረው ጋር ሲነጻጸር፣ እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ከፅንስ ማቋረጥ ጋር የተያያዘ ሞት 91 በመቶ ቀነሰ።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምሰጠው ነጥብ አለ። ሕግ ብቻውን አያድንም። ዛምቢያ ከ1972 ጀምሮ ሰፊ የሚባል ሕግ አላት። ሕጉ ግን የሦስት ሐኪሞች ፊርማ ይጠይቃል። ሐኪም በጠፋበት ገጠር ሦስት ፊርማ ከየት ይመጣል? ወረቀቱ ፈቀደ፣ ሴቶቹ ግን በጓዳው ቀሩ። ሕንድም በ1971 ፈቅዳ አገልግሎቱ ለብዙ ሴቶች ሳይደርስ ቆይቷል። በተቃራኒው ኢትዮጵያ በ2005 ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕጓ ምክንያቶቹን አሰፋች። ተደፍሬያለሁ የምትል ሴት ቃሏ እንዲበቃ፣ ማስረጃ አምጪ እንዳትባል አደረገች። ቀጥሎ ነርሶችና አዋላጆች ሠለጠኑ፣ አገልግሎቱም ወደ ጤና ጣቢያ ወረደ። በ2008 በጤና ተቋም ይከናወን የነበረው ከጠቅላላው 27 በመቶ ገደማ ነበር። በ2014 ወደ 53 በመቶ ደረሰ። ጠቅላላው ቁጥርም ጨምሯል፣ አልደብቅም። የሴቶቹ ብዛት ራሱ ጨምሯል፣ ከ1,000 ሴቶች የሚያቋርጡትም ከ22 ወደ 28 ከፍ ብሏል ተብሎ ተገምቷል። ይህን ለጸሐፊው እተዋለሁ። ነገር ግን ግማሽ የሚጠጋው ያኔም ከተቋም ውጭ ነበር። ሕጉ በሩን ከፈተ እንጂ ሁሉንም ሴት እጇን ይዞ አላስገባም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ነጥብ ልምጣ። ጽሑፉ ውስጥ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ሕጉ የእናትን ሕይወት ለማዳን ስለሚፈቅድ ማንም አይሞትም የሚለው። ይህን የሚል ሰው ሌሊት ዎርድ ውስጥ ቆሞ አያውቅም ብዬ እገምታለሁ። ለመውቀስ አይደለም። አብዛኛው ሰው ቆሞ አያውቅም።

በእናቶች ጤና ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ስለ ሦስቱ መዘግየቶች እንማራለን። በ1994 ሁለት ተመራማሪዎች ያቀረቡት ሐሳብ ነው። እናት የምትሞተው ወይ ሕክምና ለመፈለግ ለመወሰን ስትዘገይ፣ ወይ መንገድ ላይ ስትዘገይ፣ ወይ ደርሳ እርዳታ ለማግኘት ስትዘገይ ነው። ጥብቅ ሕግ በሦስቱም ላይ ሰዓት ይጨምራል።

የመጀመሪያውን በዓይኔ አይቻለሁ። አንዲት ልጅ እግር መጣች። ከደም ማነስ የተነሳ ከንፈሯ ነጥቷል። ትኩሳቷ እንደ እሳት ነው። ምን ሆነሽ ነው ስላት ከደረጃ ወድቄ ነው አለችኝ። ከጀመራት አራት ቀኗ ነበር። ከሁሉ ነገር በፊት የጠየቀችኝ ስለ ሕመሟ አልነበረም። «ሲስተር፣ ለፖሊስ ትነግሪያለሽ?» ነው ያለችኝ። እነዚያን አራት ቀናት ያስፈጃት የመንገድ ርቀት አይደለም፣ ሰፈሯ ቅርብ ነው። ፍርሃት ነው። ልጅቷ ተርፋለች፣ ማህፀኗ ግን ወጥቷል። የመጀመሪያው ቀን ብትመጣ ቀላል ማጽዳትና አንቲባዮቲክ ይበቃት ነበር።

ፍርሃቱ መሠረት የሌለው እንዳይመስል ኤል ሳልቫዶርን ተመልከቱ። በ1998 ያለ ምንም ልዩ ሁኔታ ከለከለች። ከዚያ በኋላ ፅንሱ ራሱ የወረደባቸው ወይም ሞቶ የተወለደባቸው ሴቶች ሳይቀሩ እየደሙ ሆስፒታል ሄደው ከአልጋቸው ላይ ታስረዋል። እስከ 30 ዓመትና ከዚያ በላይ የተፈረደባቸው አሉ። በ2021 የአሜሪካ አህጉር የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ከነዚህ በአንዱ ጉዳይ አገሪቱን ተጠያቂ አድርጓል። ሴትየዋ ለሕክምና በሄደችበት ሆስፒታል ነው የተከሰሰችው፣ ሕይወቷም ያለፈው እስር ላይ ሳለች ነው። ይህን የሰማች ጎረቤት ደም ሲፈሳት ወዴት ትሂድ? ሰው በተፈጥሮ ውርጃና በተደረገ ውርጃ መካከል ያለውን ልዩነት በዓይን አይቶ መለየት አይችልም። ደሙ አንድ ነው። ሕጉ ጥብቅ ሲሆን ልጅ ፈልጋ ያረገዘችውም ሴት ተጠርጣሪ ትሆናለች።

ሦስተኛው መዘግየት ሆስፒታሉ ውስጥ ያለው ነው። የሴትየዋ የሽርት ውሃ በ17ኛው ወይም በ20ኛው ሳምንት ሲፈስ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። ፅንሱ በዚያ ዕድሜ ከማህፀን ውጭ መኖር አይችልም። የመትረፍ ዕድሉ እጅግ የመነመነ ነው። መከላከያው ስለተቀደደ ግን ተህዋሲያን ወደ ማህፀን መውጣት ይጀምራሉ። ለአንድ ቀን፣ ለሁለት ቀን ምንም ላይታይ ይችላል። ከዚያ ብርድ ብርድ ይላታል። የልብ ምቷ ይጨምራል። ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ከገባ በኋላ ነገሩ በቀን አይቆጠርም፣ በሰዓት ነው። የደም ግፊቷ ይወርዳል፣ ኩላሊት ሥራ ያቆማል። ትክክለኛው ሕክምና ይህ ከመሆኑ በፊት ለሴትየዋ ሁኔታውን አስረድቶ፣ ከፈለገች ማህፀኗን ባዶ ማድረግ ነው። «ሕይወቷ አደጋ ላይ ካልወደቀ አይቻልም» የሚል ሕግ ሐኪሙን የሚለው ምንድን ነው? ጠብቅ። እስክትታመም ጠብቅ። ከዚያም በሰዓቱ ድረስባት።

በ2012 አየርላንድ ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። የ17 ሳምንት ነፍሰ ጡር ፅንሷ እንደማይተርፍ ተነግሯት እርግዝናው እንዲቋረጥላት ጠየቀች። የፅንሱ የልብ ትርታ ስለሚሰማ አይሆንም ተባለች። ሆስፒታል በገባች በሳምንቷ በደም መመረዝ ሞተች። ጉዳዩን የመረመረው ቡድን በሕክምና ክትትሉ ላይ ጉድለት አግኝቷል። ሕጉ የፈጠረው ብዥታም በውሳኔው ላይ ድርሻ እንደነበረው ጠቁሟል። በ2018 አየርላንዳውያን ሕዝበ ውሳኔ አድርገው 66.4 በመቶ በሆነ ድምፅ የሕገ መንግሥቱን ክልከላ አነሱ። ፖላንድ ደግሞ ወደ ኋላ ሄደች። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቷ በጥቅምት 2020 የፅንስ ከባድ ጉድለትን ከተፈቀዱት ምክንያቶች አወጣ። ውሳኔው በጥር 2021 ጸና። በዚያው ዓመት መስከረም የ22 ሳምንት ነፍሰ ጡር የሽርት ውሃዋ ፈሶ፣ ሐኪሞቹ የፅንሱ ልብ እስኪቆም ሲጠብቁ ሞተች። ሁለቱም ሕጎች የእናትን ሕይወት ለማዳን ይፈቅዱ ነበር። ጸሐፊው ይበቃል ያሉት አንቀጽ በሁለቱም ውስጥ ነበረ። ሁለቱም ሴቶች ልጅ ፈልገው ያረገዙ ነበሩ።

ቁጥሮቹ ተጋነኑ ስለሚለው ብዙ አልልም። ጸሐፊው ግምቶቹ እርስ በርስ አይስማሙም ይላሉ። ልክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከእናቶች ሞት ውስጥ ደህንነቱ ባልተጠበቀ ፅንስ ማቋረጥ የሚመጣው ከ4.7 እስከ 13.2 በመቶ ነው ይላል። ሰፊ ክፍተት ነው። ክፍተቱ የተፈጠረው ግን ነገሩ ስለሚደበቅ ነው። የሞተችው ሴት ካርድ ላይ «ደም መፍሰስ» ወይም «ኢንፌክሽን» ተብሎ ይጻፋል። ቤተሰብ አይናገርም። ባለሙያውም ቤተሰቡን ላለማሳፈር ዝም የሚልበት ጊዜ አለ። ከዚህ የተነሳ ቁጥሩ ከእውነታው ወደ ታች የመሳት ዕድሉ ይበልጣል። ትንሹን ቁጥር እንኳ ብንወስድ፣ በ2023 በዓለም ላይ 260,000 ገደማ እናቶች ሞተዋል። 4.7 በመቶው ከ12,000 በላይ ሴቶች ነው። ሁሉም ማለት ይቻላል መዳን የሚችሉ።

ጤና ጠንቅ ነው የሚለውም አጭር መልስ ይበቃዋል። በሠለጠነ ባለሙያ፣ በተገቢው ዘዴና በጊዜው ከተደረገ፣ ፅንስ ማቋረጥ በሕክምና ውስጥ ካሉት አነስተኛ አደጋ ካላቸው አገልግሎቶች አንዱ ነው። በአሜሪካ በ2012 የወጣ ጥናት ከ100,000 ሕጋዊ ፅንስ ማቋረጦች የሞተችውን 0.6፣ ከ100,000 ወሊዶች ደግሞ 8.8 አድርጎ አስቀምጧል። የጡት ካንሰር ያመጣል የሚለው በ2004 በ16 አገሮች የተደረጉ 53 ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ወድቋል። ድብርት ያስከትላል ስለሚለው ደግሞ፣ በአሜሪካ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሴቶችን ለአምስት ዓመት የተከታተለ ጥናት አለ። ፈልገው ያገኙትንና ፈልገው የተከለከሉትን ነው ያወዳደረው። ጭንቀቱ መጀመሪያ ላይ የበረታው በተከለከሉት ላይ ነው። ለከፋ ድህነት የተዳረጉትም፣ ከሚደበድባቸው ሰው መላቀቅ ያቃታቸውም እነሱ ናቸው። መሃንነት ያመጣል የሚለውን ግን አልክድም፣ ያመጣል። በጓዳ ሲሠራ። ያቺ አራት ቀን የቆየችው ልጅ ከእንግዲህ አትወልድም።

ስለ ገንዘብ። ጸሐፊው የሕዝብ ገንዘብ ለዚህ አይዋል ይላሉ። ገንዘቡ ግን እየዋለ ነው፣ ያውም በውዱ መንገድ። በታዳጊ አገሮች በየዓመቱ ሰባት ሚሊዮን ገደማ ሴቶች በዚህ ምክንያት በመጣ ጉዳት ሆስፒታል እንደሚታከሙ በ2012 ተገምቷል። በ2006 በወጣ ስሌት የሕክምናው ወጪ በዓመት 553 ሚሊዮን ዶላር ነው። ኬንያ በ2012 ብቻ ወደ 120,000 የሚጠጉ ሴቶችን ለዚህ አክማለች። ቁጥሩን ወደ ዎርድ አውርዱት። የተቀደደ ማህፀን ያላት አንዲት ሴት የቀዶ ሕክምና ክፍል፣ ማደንዘዣ፣ ብዙ ከረጢት ደም፣ ጠንካራ አንቲባዮቲክና ለሳምንታት አልጋ ትፈልጋለች። በዚያች ሌሊት ምጥ ጠንቶባት የመጣች ሌላ እናት ያው ደም፣ ያው ክፍል፣ ያው ሐኪም ያስፈልጋታል። ደም ባንክ ባዶ ሲሆን የምትጎዳው ያቺ ፅንስ ያቋረጠችው ብቻ አይደለችም። ክኒንና በእጅ የሚሠራ የማጽጃ መሣሪያ ግን በጤና ጣቢያ፣ በአንድ ነርስ እጅ የሚያልቅ ሥራ ነው።

የወሊድ መከላከያን በተመለከተ ከጸሐፊው ጋር እጅ ለእጅ እንያያዝ። ከልቤ ነው። ኔዘርላንድስ ላላ ያለ ሕግ ይዛ በዓለም ዝቅተኛ ከሆኑት የፅንስ ማቋረጥ መጠኖች አንዱን ለረጅም ጊዜ አስመዝግባለች። አንዱ ምክንያት የወሲብ ትምህርትና መከላከያ በቀላሉ መገኘታቸው ነው። ጸሐፊው ግን ይህን እንደ ምትክ ያቀርቡታል። መከላከያ ይከሽፋል። የተደፈረች ልጅ መከላከያ አልተጠየቀችም። የሽርት ውሃዋ የፈሰሰባት ሴት ልጁን ፈልጋው ነበር። ደግሞም ፅንስ ማቋረጥን ለመግታት የሚወሰዱ እርምጃዎች መከላከያውን ራሱን ሲመቱ አይተናል። የሜክሲኮ ሲቲ ፖሊሲ የሚባለው የአሜሪካ መመሪያ በ1984 ነው የወጣው። ፅንስ ማቋረጥን የሚያማክሩ የውጭ ድርጅቶች እርዳታ እንዳያገኙ ይከለክላል። እነዚያው ድርጅቶች ግን መከላከያም ያድሉ ነበር። ከሰሃራ በታች ባሉ 26 አገሮች ላይ የተደረገ ጥናት በ2019 ወጣ። መመሪያው በሥራ ላይ በነበረበት ወቅት፣ በእርዳታው ላይ ይበልጥ በተደገፉት አገሮች የመከላከያ ተጠቃሚዎች ቀንሰው ፅንስ ማቋረጥ 40 በመቶ ገደማ ጨምሮ ተገኝቷል። ታስቦ የነበረው ተቃራኒው ነው።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን የዘጉት ሕጻናትን ስለ ማዳን በመጻፍ ነው። ቴክሳስ በመስከረም 2021 ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ፅንስ ማቋረጥን የሚከለክል ሕግ ሥራ ላይ አዋለች። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2022፣ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ የቴክሳስ ሕጻናት ቁጥር 12.9 በመቶ ጨመረ። በቀረው አሜሪካ ጭማሪው 1.8 በመቶ ነበር። ከፍተኛ ጭማሪ የታየው በአካል ጉድለት በሚወለዱት ላይ ነው። እናቶቻቸው የፅንሱን ጉድለት ከሰሙ በኋላ ወራት ቆጥረው ወለዷቸውና ቀበሯቸው። እናቷን በወሊድ ያጣች ጨቅላ ደግሞ ምን እንደሚጠብቃት የማህፀን ዎርድ ሠራተኛ ሁሉ ያውቃል።

ጸሐፊው መልስ እንደሚጽፉ ተስፋ አለኝ። ሲጽፉ አንድ ነገር እንዲመልሱልኝ እለምናቸዋለሁ። የ18 ሳምንት ነፍሰ ጡር ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ዎርድ ትገባለች። የሽርት ውሃዋ ከትናንት ጀምሮ ፈሷል። የፅንሱ ልብ ይመታል። የሰውነቷ ሙቀት 37.8 ነው። ተረኛው ሐኪም ወጣት ነው፣ ልጆች አሉት፣ መታሰር አይፈልግም። እሳቸው የሚሹት ሕግ ይህን ሐኪም እስከ ስንት ዲግሪ ጠብቅ ይለዋል?